ኮሚሳሩና የዙልማ ስልክ

ዙልማ ስልኳን ፈልጋ አጣችው። አጣችው ማለት እንኳ ልክ አይደለም፤ የት እንዳለ አሳምራ ታውቃለች። ባሏ እጅ ላይ ነው፤ ከሥሩ ያቺ የተረገመች መሣሪያ ተሰክታበት።

«ኤልቢዮ!»

«አቤት፣ እዚህ ነኝ።»

«አንተን ማን ፈለገህ? ስልኬን ነው የምፈልገው።»

ኤልቢዮ ከጓዳ ብቅ አለ። ስልኩን በሁለት እጁ ደግኖ ምድጃው ሥር የተጋደመችውን ድመት ያያል። ስልሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ቀኝ ጉልበቱ አንዴ ተቀዶ ተሰፍቷል፤ ከጥቂት ቀናት ወዲህ ግን ሕፃን ሆኗል። «ነይ እስቲ እዪ! ጆሮዋ ነጭ ነው፣ አፍንጫዋ ደግሞ ከሰል። ይገርማል እኮ!»

«ድመቷን ዘጠኝ ዓመት አይቻታለሁ። ስልኬን ስጠኝ፣ እህቴ ትደውል ይሆናል።»

«ቆይ ልጨርስ።»

ምኑን ነው የሚጨርሰው? ድመት ማየት መጨረሻ አለው?

መሣሪያዋ የክብሪት ቀፎ ብታክል ነው። ኤልቢዮ ድንበሩ ላይ፣ አሴጉዋ ከተማ፣ መንገዱን ወደ ብራዚል ወገን ተሻግሮ ነው የገዛት። ስልክ ላይ ስትሰካ የገላን ሙቀት በጨለማ ታሳያለች፤ የሞቀው ነጭ፣ የቀዘቀዘው ጥቁር። ባለሱቁ ጨለማ ጓዳ አስገብቶ የተኛ ውሻ አሳየውና አለቀ፣ የሰውየው ልብ እዚያው ቀረ። ቤት መጥቶ ሊሰካት ቢል የሱ ስልክ ቀዳዳ ሌላ፣ የመሣሪያዋ ጥርስ ሌላ። ሰው ጫማ ሲገዛ እንኳ እግሩን ይለካል! በቤቱ ውስጥ መሣሪያዋ የምትገባበት ስልክ አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ የዙልማ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዙልማ ስልክ አልባ ሆነች።

ነገሩ የድመት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስቃ ባለፈችው። ግን በጎቿ እየወለዱ ነው፤ የዱር አሳማ ደግሞ ግልገሎቹን እየበላ ነው። ቀበሮ እንኳ ሲበላ አጥንት ይጥላል፤ አሳማ የሚባል ፍጡር ግን ምንም አያስተርፍም። ጠዋት ስትወጣ እናቲቱ ወዲያ ወዲህ እያለች ትጮኻለች፤ ሣሩ ላይ አንድ ሰኮና፣ ጣት የምታህል ቁራጭ ቆዳ፣ በቃ። በመንጋ የሚመጡትን አሳሞች የጎረቤታቸው የዋልደማር ውሾች ያባርሯቸዋል። ያ አንዱ ግን፣ ብቻውን የሚዞረው ሽማግሌ ወንድ፣ ሁለት ውሻ ዘንጥሎ ጥሏል። ሰፈሩ «ኮሚሳሩ» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ እንደ ፖሊስ አዛዡ አጥር አይመልሰው፣ በር አያንኳኳ፣ ያሻውን ወስዶ ይሄዳል፤ ማንም አይጠይቀውም።

በዚሁ መሀል ነው የባሕር ዛፍ ኩባንያው ሰው ከተፍ ያለው። ነጭ መኪና፣ ጭቃ ነክቶት የማያውቅ ቦት ጫማ። መሬታቸውን ለሃያ ሁለት ዓመት ተከራይቶ ከአጥር እስከ አጥር ባሕር ዛፍ ሊተክልበት ይፈልጋል። ኤልቢዮ ወረቀቱን አነበበና «እኔ ባልል ጉልበቴ እሺ ይላል» አለ። ዙልማ «በጎቼስ?» አለች። በጎቹ የሷ ናቸው። አባቷ ከሞተ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ይህን ሁሉ ዓመት እያንዳንዷን በመልኳ እያወቀች አርብታቸዋለች። ተጨቃጨቁ፤ ሁለት ቀን ተኮራረፉ፤ በመጨረሻ ተስማሙ። ሰውየው ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ለመልስ ይመጣል። እስከዚያ ኮሚሳሩ ከተገደለ በጎቹ ይቆያሉ። ካልተገደለ ዙልማ ትፈርማለች፤ ያለ ልቅሶ፣ ያለ ኩርፊያ። ይህን ያለችው ደግሞ ራሷ ናት። «ቃሌ ቃል ነው» ብላ የባሏን መዳፍ በመዳፏ መታችው።

ስልኳን የሰጠችው ለዚህ ነው። ሌሊት ሌሊት ከባሏና ከዋልደማር ጋር ለአደን የምትወጣውም ለዚህ ነው፤ ስልኬ ያለ እኔ ከቤት አይወጣም ብላለችና።

የመጀመሪያው ሌሊት ጉድ ለሰው አይነገርም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሦስቱም በዋልደማር ፒክአፕ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣበው ተቀመጡ። ዋልደማር የልጃቸው የክርስትና አባት ነው፤ ጠመንጃውም ፈቃዱም የሱ ነው፤ በአርባ ዓመት አደን ከውሾቹና ከገዛ ዓይኑ በቀር ያመነው ነገር የለም። መስኮቱን ጥርቅም አድርገው ዘግተው፣ ማቴ የሚሉትን መራራ የቅጠል ሻይ በቅል ከእጅ እጅ እየተቀባበሉ ትኩሱን ይመጥጣሉ። ኤልቢዮ ስልኩን በመኪናው የፊት መስታወት በኩል ደገነ።

«አለ!» አለ በሹክሹክታ። «ኧረ ወፍራም ነው! ከፊታችን ቁጭ ብሏል!»

ዋልደማር ጠመንጃውን ሳብ አደረገ። «የቱ ጋ?»

«እዚሁ፣ መኪናው አፍንጫ ላይ! ወደ እኛ እያየ ነው!»

ዙልማ አንገቷን አስግጋ ስክሪኑን አየች። አንገት የሌለው፣ ድቡልቡል ያለ ነጭ ነገር ተጎልቷል። ወደ ባሏ ዞር አለችና «እስቲ ኮፍያህን አውልቅ» አለችው።

ኤልቢዮ ኮፍያውን አወለቀ። አሳማውም ኮፍያውን አወለቀ።

«አበልጅ» አለ ዋልደማር፣ ሳቁን ውጦ፣ «ልተኩስበት ወይስ ይቅር ልበለው?»

ለካስ መሣሪያዋ በመስታወት ውስጥ አሻግራ አታይም፤ መስታወት የገዛ ሙቀትህን ነው መልሶ የሚያሳይህ። ባለሱቁ ይህን አልነገረውም፤ ኤልቢዮም አልጠየቀም። መስኮቱን አወረዱት፤ ብርዱ እንደ ልቡ ገባ፤ የዙልማ እግር እስኪነጋ ድረስ አልሞቀም።

ቀጥሎ የናይር ጣጣ መጣ። ናይር የዙልማ ታላቅ እህት ናት፤ ሜሎ ከተማ ትኖራለች፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር አታውቅም። በአምስተኛው ሌሊት ኮሚሳሩ ራሱ ከጫካው ጠርዝ ወጣ። ነጭ፣ ግዙፍ፣ ብቻውን። ዋልደማር ጠመንጃውን ደገነ። ኤልቢዮ ምስሉን ላጉላው ብሎ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ሸተት ሲያደርግ፣ የድምፅ መልእክት ተከፍቶ አረፈው!

«ዙልማ! አንቺ ዙልማ! ሆድ ድርቀቴ ተመልሶ መጣብኝ እኮ! ያ ደረቅ ፕሪም፣ ስንት ፍሬ ነው ዘፍዝፊ ያልሽኝ?»

ሜዳው ሁሉ ሰማ። ኮሚሳሩም ሰማ፤ ዞር ብሎ ጫካው ዋጠው።

«ድምፁን አጥፋው አላልኩህም?» አለች ዙልማ።

«አጥፍቼዋለሁ! ያጠፋሁት ግን የጥሪውን ነው፤ የመልእክቱ ለካ ሌላ ነው!»

«አንተ ሰውዬ፣ አሳማው ሳይሆን አንተ ነህ የምትጨርሰኝ!»

«ቆይ ግን» አለ ዋልደማር በጨለማው ውስጥ፣ «ስንት ፍሬ ነው?»

«ስድስት! ዝም በል አንተም!»

ሌላም አለ። መሣሪያዋ በየደቂቃው ቀጭ ትልና ምስሉ ባለበት ይደርቃል፤ ቀጭ ብላ እስክትመለስ አሳማው አሥር እርምጃ ሄዷል። ብርድ ሲበረታ ስልኩ ሙሉ ቻርጅ እያለው ድርግም ብሎ ይጠፋል፤ ዙልማ ብብቷ ውስጥ ከትታ እንደ እንቁላል ታሞቀዋለች። አፑ ደግሞ በስምንተኛው ሌሊት ካልታደስኩ አልሠራም ብሎ አመፀ፤ በዚያ ሜዳ ላይ ኔትወርክ የሚገኘው ፒክአፑ ጣሪያ ላይ ተቁሞ ነው፤ ኤልቢዮ በታመመ ጉልበቱ እላይ ወጥቶ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ሩብ ሰዓት ቆመ። ያየው ሰው አበደ ይላል። ሲወርድ ደግሞ ሊወድቅ ለጥቂት።

በአሥረኛው ሌሊት ዙልማ ትዕግሥቷ አለቀ። «አምጣ ወዲህ!» ብላ ነጠቀችው። ከዚያ ወዲህ ስልኩን የምትይዘው እሷ ሆነች። እውነቱን ለመናገር ከባሏ አሥር እጅ ትበልጣለች፤ እጇ አይንቀጠቀጥም፣ ዓይኗ ቶሎ ይለያል። በግን ከአሳማ የሚለዩበትን ዘዴ ያወጣችው እሷ ናት። የበግ ፀጉር ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፤ ስለዚህ በግ በስክሪኑ ላይ ገላው ጥቁር፣ ፊቱና እግሩ ብቻ ነጭ ነው። አሳማ ግን መላ ገላው ነጭ ነው። «ነጭ ፊት በጥቁር ገላ፣ በግ። ሙሉ ነጭ፣ አሳማ» ትላለች። ለዋልደማር እንደ ዳዊት አስደገመችው። ዋልደማርም እየቆየ አመናት።

የአተኳኮሱም ነገር ሥርዓት ያዘ። ኮሚሳሩ መብራት ጠገብ ነው፤ ሲበራበት ቆሞ የሚያፈጥ ሞኝ አይደለም። ስለዚህ ዙልማ በስክሪኑ አይታ አቅጣጫውንና ርቀቱን ትነግረዋለች፤ ዋልደማር በጨለማው አፈሙዙን ያስተካክላል፤ «አሁን!» ስትለው ጠመንጃው ላይ የታሰረውን መብራት አብርቶ፣ ጥቁር ጀርባ እንዳየ ይተኩሳል። ሁለት ለመቁጠር እንኳ ጊዜ የለም። በዚህ ዓይነት ከመንጋዎቹ ሦስት ጣሉ፤ አንዱን በከሰል ጠብሰው በሉት። ኮሚሳሩ ግን የለም።

ዓርብ ደረሰ። የመጨረሻዋ ሌሊት።

ዓርብ ጠዋት ደግሞ የበግ ፀጉር ሸላቾቹ ከች አሉ! ሲጠሩ የማይመጡ፣ ሲረሱ የሚመጡ። ዘግይተው የሚወልዱት ሃያ ስድስት በጎች ሳይወልዱ መሸለት ነበረባቸው፤ የተሸለተች በግ ሲበርዳት ራሷ መጠለያ ፈልጋ ትወልዳለች፣ ግልገሏም ጡቱን ቶሎ ታገኘዋለች። ቀጠሮው ወር ሙሉ በዝናብ ሲንከባለል ኖሮ በዚያች ቀን ወደቀ። በእኩለ ቀን ሃያ ስድስቱም ራቁታቸውን ቀሩ። ከሰዓት በኋላ የደቡብ ነፋስ ተነሣ።

በዚያ ነፋስ የተሸለተች እርጉዝ ሌሊቱን አትሻገርም። ዙልማ ትልልቅ፣ ሥሥ ጥቁር የቆሻሻ ላስቲኮች አወጣች፤ ለአንገት ቀዳዳ እየቀደደች፣ ሆዳቸው ሥር በሲባጎ እያሰረች፣ ለሃያ ስድስቱም ካፖርት አለበሰቻቸው። ሁለት ሰዓት ሙሉ በእንብርክኳ ሄደች።

«ቀብር የሚሄዱ መበለቶች መሰሉ» አለ ኤልቢዮ።

«አታሟርት፣ ዝም ብለህ ያዝልኝ!»

ሲመሽ፣ ከነፋሱ ይከለሉ ብላ፣ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ቁጥቋጦ የሚወስደውን በር ከፈተችላቸው። ራሷ ናት የከፈተችው።

ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ከጅረቱ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ነበሩ፤ ዋልደማርና ዙልማ ፒክአፑ መጫኛ ላይ፣ ኤልቢዮ ከጎን ቆሞ። ሰባት ሰዓት ሆነ። ምንም የለም። ዙልማ ጥርሷን ነክሳለች። ሲነጋ ያ ሰውዬ በነጭ መኪናው እንደሚመጣ እያሰበች ስክሪኑን ከግራ ቀኝ፣ ከቀኝ ግራ ታመላልሳለች።

«ወደ ቀኝ አየሽ?» አለ ኤልቢዮ።

«አይቻለሁ።»

«ጣትሽን አታስጠጊው፣ ያ መልእክት...»

«ኤልቢዮ፣ በወለደችህ! የገዛ ራሱን አሳማ ነው ያለ ሰው እኔን ሊያስተምር?»

ኤልቢዮ ኮፍያውን ጆሮው ድረስ ጎተተ።

ያን ጊዜ ታያት። ከጅረቱ ማዶ፣ ኮሚሳሩ ዘወትር በሚያልፍበት ጎድጓዳ፣ ረጅሙ ሣር መሀል፣ ነጭ ነገር። ፊት ለብቻ የለው፣ እግር ለብቻ የለው፤ ሙሉ ነጭ። 

«አለ። ማዶ፣ ሾጣጣው ድንጋይ ጋ። መቶ እርምጃ።» ምስሉ ቀጭ ብሎ ደረቀ፤ ሲመለስ ሁለት ሆኑ፤ ከዚያ ሦስት።

ኤልቢዮ ከታች ተንጠራርቶ ስክሪኑን አየ። «ሦስት ናቸው እኮ። ኮሚሳሩ ብቻውን አይደል የሚሄደው?»

«ዛሬ ሚስት አማረው! ምን አገባህ?»

«አበልጅ፣ እርግጠኛ ነሽ?» አለ ዋልደማር ጉንጩን ጠመንጃው ላይ አጣብቆ።

«ሙሉ ነጭ ናቸው እያልኩህ! ትልቁ በስተግራ ያለው ነው። ሊያመልጠን ነው እንዴ! አሁን! አሁን በለው!»

መብራቱ ቦግ አለ። ከሣሩ በላይ ጥቁር ጀርባ ታየ። ጠመንጃው ጮኸ፤ ጥቁሩ ወደቀ። ዋልደማር ሁለተኛውንም ተኮሰ፣ ሳተው። ኤልቢዮ «ተመታ!» ብሎ ጮኸ። ዙልማም ልትጮህ አፏን ከፈተች።

ከጎድጓዳው የላስቲክ መንኮሻኮሽ ተሰማ። ነፋሱ ላስቲኩን እያራገበው ነበር።

ዙልማ ከመጫኛው ላይ እንዴት እንደወረደች አታውቅም። ጅረቱን በጫማዋ ረግጣ ተሻገረች። ሽቦው አጥር ተበጥሶ ተጋድሟል፤ ኮሚሳሩ ያለፈው ሌሊት የቀደደው ነው። ከቁጥቋጦው የተሻለ መጠለያ የፈለጉት በጎቿ በዚያው ሾልከው፣ ከነፋሱ ወደተከለለው ጎድጓዳ ወርደው፣ ራሳቸውን ሣሩ ውስጥ ቀብረው ቆመው ነበር። ፀጉር የለ፤ ሙቀታቸውን የሚሸፍን ምንም የለ፤ ያ ሥሥ ላስቲክ ለመሣሪያዋ እንደሌለ ነው። ለመብራቱ ደግሞ ጥቁር ነው። ሌሎቹ ሃያ አምስቱ ዳር ላይ ታፍገው ያዩዋታል። አንዷ ወድቃለች።

መልኳን አወቀችው። ወንዙ ድልድዩን በወሰደበት ዓመት ማድቤት ውስጥ የተወለደችው ናት።

ዋልደማር እያለከለከ ደረሰ፤ አየ፤ ኮፍያውን አወለቀ። «አበልጅ... የተኮስኩት እኔ ነኝ።»

«ተኩስ ያልኩህ እኔ ነኝ!» ጮኸችበት። «እኔ አልብሼ፣ እኔ በር ከፍቼ፣ እኔ አሁን በለው ብዬ! አንተ ምን ታጠፋለህ?» ሲያጽናናት እንኳ ተናደደችበት።

እጇ የበጓ ሆድ ላይ አርፎ ነበር። ከሥሩ የሆነ ነገር ተራገጠ።

«ቢላ!»

ዋልደማር ቢላውን ሰጣት። ዙልማ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ እጇ ሳይንቀጠቀጥ፣ ሆዷን ከፈተች። ሁለት ነበሩ። አንዱ ጥይቱ አግኝቶታል። ሁለተኛይቱ ሴት ነች፤ እርጥብ፣ የምታሟልጭ፣ አፏን ከፍታ አየር የምትለምን። ዙልማ አፍንጫዋን ጠረገችላት፣ ደረቷን አሸቻት፣ የኋላ እግሮቿን ይዛ አወዛወዘቻት፤ ግልገሏ አነጠሰች። ኤልቢዮ ካፖርቱን ከፈተ፣ ሹራቡን ከፍ አደረገ፣ ሸሚዙን ፈታ፣ ከነደሟ ባዶ ሆዱ ላይ አጣብቆ ቆለፈባት። አንድ ቃል አልወጣውም። ከባሏ ስድብ የጠበቀችው ዙልማ ዝምታው ባሰባት። የገዛ በጓ አጠገብ ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ ዙልማ ያፈሰሰችው የሚለቀም አልነበረም።

በጓ ሳትቀዘቅዝ እንገሩን አለቡ። ሌሎቹን ወደ በረት መለሱ። ዋልደማር ሬሳው ጋ ጠመንጃውን ይዞ ቀረ፤ የደሙ ሽታ ኮሚሳሩን ይጠራው እንደሆን ብሎ እስኪነጋ ጠበቀ። ኮሚሳሩ አልመጣም።

ማድቤት ውስጥ ኤልቢዮ ግልገሏን ካርቶን ውስጥ አስተኝቶ፣ ምድጃው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ እንደማይታጠፍለት እየታወቀ። ዙልማ ጀርባዋን ሰጥታው ደም ከእጇ ታጥባለች። ያጠበችውን መልሳ ታጥባለች። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰምታ ዞር ስትል ባሏ ስልኩን ካርቶኑ ላይ ደግኗል።

«ነጣ ብላለች» አለ በሹክሹክታ። «ከቅድሙ ነጣ ብላለች። እየሞቀች ነው መሰለኝ።»

«እጅህን አድርግባት እንጂ አንተ ሰውዬ! እጅ የለህም?»

ኤልቢዮ ስልኩን መሬት አስቀምጦ እጁን ግልገሏ ደረት ላይ አሳረፈ። እስኪነጋ ድረስ አላነሣውም።

ነጩ መኪና ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ዙልማ ንጹህ ሸሚዝ ለብሳ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ጠረጴዛው አጠገብ ቁጭ ብላለች። ዓይኗ አብጧል። ሰውየው ትናንት ምን እንደሆነ አልሰማም፤ ስለ ብርዱ ትንሽ አወራና ወረቀቱን ዘረጋላት። ብዕሩንም ከፍቶ ሰጣት።

«እዚህ ላይ እርስዎ፣ ከሥሩ ደግሞ ባለቤትዎ።»

ዙልማ ብዕሩን ተቀበለች። ሌሊቱን ሙሉ ያሰበችውን ተናገረች። «ኤልቢዮ፣ ኮሚሳሩ አልሞተም። ቃሌ ቃል ነው። ደግሞስ በጓን ከአሳማ የማትለይ ሴት በግ ምን ይሠራላታል?» ከዚያ ስሟን ጻፈች። ፊርማዋ እንደ ሌላ ሰው ፊርማ ሆኖ ታያት። ወረቀቱን ወደ ባሏ ገፋችው።

ኤልቢዮ ከምድጃው ማዶ ቆሟል። በግራ ክንዱ ግልገሏን አቅፏል፣ በቀኙ ጠርሙስ ይዟል። ግልገሏ ጭራዋን እያራገበች ትጠባለች።

«አቶ ኤልቢዮ» አለ ሰውየው።

«እጄ ተይዟል» አለ ኤልቢዮ።

«ይጨርሱ፣ እጠብቃለሁ።»

ጠበቀ። ዙልማ የማቴ ቅሉን ሞልታ ሰጠችው። መጠጠው። ደግማ ሞላችለት። ጠርሙሱ አለቀ። ሰውየው ብዕሩን አነሣ። ኤልቢዮ ባዶውን ጠርሙስ ከግልገሏ አፍ አልነቀለም።

«ባዶ ነው እኮ» አለችው ዙልማ።

«ትጥባ። ደስ ይላታል።»

«አቶ ኤልቢዮ፣ እጅዎ መቼ ነው የሚለቀቀው?» አለ ሰውየው ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

«ጡት ስትጥል።»

«መቼ ትጥላለች?»

«ሦስት ወር ይፈጃል። ከዚያ ደግሞ ሸለታ አለ። ከዚያ እሷም ትወልድ ይሆናል።» ኤልቢዮ ሰውየውን እንጂ ሚስቱን አያይም። «ለሃያ ሁለት ዓመት የሚሆን ሥራ ነው።»

 ዙልማ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «እና ይህን ማታ ማለት ምን ያቅትህ ነበር? ሌሊቱን ሙሉ ስሞት አድሬ! ፈርሚ ስትባል እየፈረምኩ!»

«ማታማ ታለቅሺ ነበር። አልቅሳ ይውጣላት ብዬ ነው።»

«ጉልበትህስ? ጉልበቴ ሞተ ስትል አልነበር?»

«ያመኛል። እያመመኝ እኖራለሁ፣ ምን አባቴ ላድርግ?»

ዙልማ ልትሰድበው ፈለገች፤ እንባዋ በአፍንጫዋ መጣ። ግልገሏ ከባዶው ጠርሙስ አየር እየዋጠች ማስነጠስ ጀመረች፤ ይህን ማየት ከምንም በላይ አናደዳት። ከወንበሯ ተነሥታ «አየር እያስዋጥካት ነው! ሆዷን ልትነፋው ነው፣ አምጣ እኔ ልያዛት!» ብላ ሁለት እጇን ዘረጋች።

ሰውየውም ብዕሩን ይዞ ከወንበሩ ብድግ አለ።

ዙልማ ብዕሩን አየች። የባሏን ክንድ አየች። የዘረጋችውን እጇን መልሳ ሰበሰበችና ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ራስህ ያዛት» አለችው። «አንገቷን ቀና አድርጋት ብቻ።»